ማካብርና መቃብር፦ ተረቱና እውነታው

«ማካብር» የሚለውን የፈረንሳይኛ ቃል የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ወዲያው «መቃብር» ይታወሰዋል። ፍቺው ከሬሳና ከአጽም ጋር የተያያዘ መሆኑን ሲሰማ ደግሞ ቃሉ ከመቃብር ለመውጣቱ አይጠራጠርም።

ግምቱ የሚናቅ አይደለም። ቃሉን ከዐረብኛው «መቃቢር» ጋር ያያያዙ ምሁራን አሉ፤ ዐረብኛውም የእኛም «ቀበረ» ከሚል አንድ የሴም ሥር የበቀሉ ናቸው። ጥንታዊዎቹ ጽሑፎች ግን ወደ ሌላ ያመለክታሉ። እ.ኤ.አ. በ1376 ፈረንሳዊው ገጣሚ ዣን ለ ፌቭር በግጥሙ የጠቀሰው «የማካብሬን ጭፈራ» ነው፤ አነጋገሩ የሰው ስም እንጂ የቦታ ስም አይመስልም። በ1453 የተጻፈ የቤዛንሶን ከተማ የላቲን ሰነድ ደግሞ ያንኑ ጭፈራ «የመቃብያን ጭፈራ» ይለዋል። መቃብያንን ከሙታን ጋር የሚያገናኛቸው ይህ ነው፦ በግሪኩ ሁለተኛ መጽሐፈ መቃብያን፣ ይሁዳ መቃቢ በጦርነት ለሞቱ ወታደሮቹ መሥዋዕት እንዲቀርብ ብር ሰብስቦ ይልካል። የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ይህን ምንባብ ለሙታን በሚደረግ ቅዳሴ ታነበው ነበር። ክርክሩ ባይዘጋም ሚዛኑ የሚያደላው ወደ መቃብያን ነው። (የእኛዎቹ ሦስት መጻሕፍተ መቃብያን በስም ቢመሳሰሉም ታሪካቸው ሌላ ነው።)

ጭፈራውን የሰይጣን አምልኮ አድርገው የሚያዩም አሉ። ይህ ፍጹም ስሕተት ነው። በ1424 እና 1425 በፓሪስ የቅዱሳን ሕፃናት መካነ መቃብር ግንብ ላይ የተሣለው የጭፈራው ሥዕል ስብከት ነበር፤ ሙታን ጳጳሱን፣ ንጉሡን፣ ገበሬውንና ሕፃኑን እጃቸውን ይዘው ይወስዷቸዋል። ሞት ለማንም እንደማያዳላ ማንበብ የማይችለውም ሰው ከሥዕሉ ይረዳ ነበር። ግንቡ በ1669 ፈረሰ።

በአጠቃቀም ረገድ የሚብሰው ስሕተት የሚያስፈራውን ሁሉ ማካብር ማለት ነው። የሚያባርር አንበሳ ያስፈራል፤ ማካብር ግን አይደለም። ሞትን የሚያነሣ ሁሉም ማካብር አይባልም፤ ሙሾ የሐዘን ቃል ነው። ማካብር የሚባለው ሬሳውን፣ የራስ ቅሉንና መበስበሱን ዓይን ሳይነቅል የሚያሳይ ሥራ ነው። ስለዚህ ተርጓሚዎች ሆይ፣ ይህን ቃል ስታገኙ «አስፈሪ» ብላችሁ አትለፉት፤ ሬሳና አጽም መኖሩን ለአንባቢ ንገሩት።