ላብ የጠጣ የኮርቻ መደላድል አጽዳድና አያያዝ

እንደሚታወቀው በአገራችን የፈረስ ጉልበት በገጠርም ሆነ በከተማ በብዙ ሥራ ላይ ይውላል። እህል ከአውድማ ወደ ጎተራ፣ ማዳበሪያ ከኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ወደ ቀበሌ፣ ውሃም ከምንጭ ወደ ቤት የሚደርሰው በብዙ ቦታ በጋሪ ነው። ስለ ፈረሱ መኖና ስለ ሰኮናው ምክር ሲሰጥ ይሰማል። በጀርባው ላይ ከኮርቻው ሥር ስለሚደረገው መደላድል ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ይህ ድሪቶ፣ ባና ወይም በጭድ የተሞላ ጆንያ ቀኑን ሙሉ ላብ ሲጠጣ ይውላል፤ ማታ ተጠቅልሎ በአንድ ጥግ ይጣላል፤ በማግሥቱም እንደ ረጠበ ተመልሶ ይጫናል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይከረፋል፣ ይጠጥራል። ባለቤቱም ነገሩን የሽታ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያልፈዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሽታው የገጣባ መቅድም መሆኑን ማስረዳትና መደላድሉን በቀላሉ በሚገኙ ነገሮች እንዴት ማጽዳት እንደሚቻል ማሳየት ነው።

የሽታው መነሻ

ገና የወጣ ላብ ብዙም አይሸትም። ሽታው የሚመጣው በላቡ፣ በቆዳው ቅባትና በረገፈው ፀጉር ላይ ባክቴሪያዎች ሲራቡ ነው። ለመራባት የሚያስፈልጋቸው ርጥበት፣ ሙቀትና ምግብ ሦስቱም በተጠቀለለ ድሪቶ ውስጥ ይገኛሉ። በክረምት ደግሞ ሻጋታ ይጨመርበታል።

የፈረስ ላብ ከሰው ላብ ይልቅ ጨው ይበዛዋል። በተጨማሪም ላተሪን የተባለ ፕሮቲን ስላለበት እንደ ሳሙና ያረፋል፤ በጠፍሩ ዙሪያ ነጭ አረፋ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ጨውና አቧራ በጨርቁ ውስጥ ይቀራሉ። ለስላሳ የነበረው ድሪቶ ቅርፊት ያበጅና ቆዳን እንደ ሞረድ ይፍቃል።

ገጣባና ተላላፊ በሽታ

በጠጠረ መደላድል ላይ ጭነት ሲጨመር መጀመሪያ ፀጉሩ ይረግፋል፤ ቀጥሎ ቆዳው ይላጣል፤ በመጨረሻም ገጣባ ይሆናል። ገጣባ የያዘ ፈረስ ቁስሉ እስኪሽር ለሳምንታት ከሥራ መገለል አለበት። ይህ በኅዳርና በታኅሣሥ ምርት በሚጓጓዝበት ወቅት ከደረሰ የባለቤቱ ገቢ ይቋረጣል፤ የማኅበሩም እህል በአውድማ ይቆያል።

ከዚህ የከፋው ጉዳት በሽታ ነው። ኤፒዞቲክ ሊምፋንጃይቲስ የሚባለው የፈረስ በሽታ በአገራችን በተለይ በወይና ደጋ ከተሞች የጋሪ ፈረሶችን ያጠቃል። መንሥኤው የፈንገስ ዘር ሲሆን የሚገባው በቆዳ ቁስል በኩል ነው። በእግር፣ በደረትና በአንገት ላይ በመስመር የተደረደሩ እብጠቶች ይወጣሉ፤ ፈንድተውም መግል ያፈሳሉ። በሽታው በዝንብ፣ እንዲሁም ከታመመ ፈረስ ወደ ጤነኛው በሚዘዋወር ኮርቻ፣ ጠፍርና ብሩሽ አማካይነት ይተላለፋል። ሕክምናው ረጅም ጊዜና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ መከላከሉ ይመረጣል።

ማጠብ ይቀድማል፣ ማጠን ይከተላል

አንዳንድ ባለጋሪዎች የሸተተውን መደላድል በጭስ ያጥናሉ ወይም ሽቶ ያርከፈክፉበታል። በየቤቱ እንደሚታወቀው ግን የወተት ዕቃ በወይራ የሚታጠነው በሚገባ ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ነው፤ ሳይታጠብ የታጠነ ዕቃ ወተቱን ያበላሻል። ለመደላድልም ደንቡ ይኸው ነው። ጭስ ሽታን ይሸፍናል እንጂ ጨውንና እድፍን አያስወጣም።

የአጽዳድ ቅደም ተከተል

1ኛ/ መደላድሉን ካደረቁ በኋላ በዱላ መምታትና በሻካራ ብሩሽ ፀጉሩንና አቧራውን ማራገፍ። ፀጉሩ ሳይወጣ ቢታጠብ ተድበልብሎ በጨርቁ ውስጥ ይቀራል።

2ኛ/ ጨው በውሃ ስለሚሟሟ ሳሙና ከማስነካት በፊት በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ1 ሰዓት ያህል መዘፍዘፍና ውሃውን መድፋት።

3ኛ/ በሳሙና ማጠብ። ጥጥና ጆንያ ለብ ያለ ውሃና ጠንከር ያለ እሽት ይችላሉ። ባናና ሌላ የሱፍ ጨርቅ ግን በሙቅ ውሃ ይኮማተራል፤ ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እየተጫኑ ማጠብ እንጂ መጠምዘዝ አይገባም። እንዶድ በሚገኝበት አካባቢ በእንዶድ ማጠብ ይቻላል፤ ዓይን እንዳይነካ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እጣቢውም ወደ ወንዝ መደፋት የለበትም። እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ያስተዋሉት ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር ነበር፤ ዓሣንም ይገድላል።

4ኛ/ አረፋው እስኪያልቅ ደጋግሞ ማለቅለቅ። በጨርቁ ውስጥ የቀረ ሳሙና ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳን ያሳክካል።

5ኛ/ ነፋስ በሚያገኝበት ገመድ ላይ ዘርግቶ እስከ ውስጡ ማድረቅ። ጥጥና ጆንያ ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ። በጭድ የተሞላ ከሆነ ጭዱ ከመታጠቡ በፊት ወጥቶ በአዲስ ይተካል።

የቆዳ ጠፍርና ልጓም በውሃ አይዘፈዘፍም። በረጠበ ጨርቅና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና ተወልውሎ በጥላ ሥር ይደርቃል። ከዚያም ጨው የሌለበት የቀለጠ ሞራ በስሱ ይቀባል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ስለሚጠጥር፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይትም የፈረሱን ቆዳ ስለሚጎዳ አይመከሩም።

በሽታ ሲጠረጠር

ከላይ የተገለጠው እብጠት ወይም መግል ያለበት ፈረስ ከተገኘ ወዲያውኑ ከሌሎች ተለይቶ ለእንስሳት ሐኪም መታየት ይኖርበታል። የነካው ድሪቶና ጭድ ታጥቦ ለሌላ ፈረስ አይሰጥም፤ ይቃጠላል። ባለቤቱ ይህን ሲሰማ ቅር ሊለው ይችላል፤ ይሁን እንጂ የአንድ ድሪቶ ዋጋ ከአንድ ፈረስ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። የብረት፣ የእንጨትና የፕላስቲክ ክፍሎች አስቀድሞ እድፋቸው በሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያም በበረኪና ውሃ ረጥበው ለ20 ደቂቃ ይቆያሉ። መጠኑም ክሎሪኑ 5 በመቶ ለሆነ በረኪና 1 እጅ በረኪና ለ4 እጅ ውሃ ነው። በመጨረሻም በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃሉ። በረኪና ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀልም፤ ቆዳንና ሱፍንም ያበሰብሳል።

የጋላቢው ቆብ

በፈረስ ወይም በሞተር ብስክሌት ከቀበሌ ቀበሌ የሚዘዋወር የልማት ሠራተኛ የሚያደርገው የአደጋ መከላከያ ቆብም በዚሁ ምክንያት ይሸታል። የውስጥ ልብሱ የሚወጣ ከሆነ ወጥቶ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፤ የማይወጣ ከሆነ በረጠበ ጨርቅ ይወለወላል። በጥላ ሥር ከደረቀ በኋላ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ ማሳደርና ጠዋት ማራገፍ የቀረውን ሽታ ይቀንሳል። ቤንዚንና የቀለም ማቅጠኛ ቅርፊቱን ስለሚያዳክሙ፣ የእሳት ሙቀትም የውስጡን ፎም ስለሚጎዳ ፈጽሞ አይጠቀሙባቸው። በአደጋ ጊዜ በኃይል የተመታ ቆብ ቢጸዳም አያገለግልም።

የኅብረት ሥራ ማኅበሩና የልማት ሠራተኛው ድርሻ

«ለማጠብ ጊዜ የለኝም» የሚለው የባለጋሪ አቤቱታ እውነትነት አለው፤ ፈረሱ ካልሠራ የዕለት ገቢ የለም። መፍትሔው ለአንድ ፈረስ 2 መደላድል ማዘጋጀት ነው፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይደርቃል። የዕለቱ ሥራ ማታ ገልብጦ መዘርጋትና ጠዋት በብሩሽ ማራገፍ ብቻ ነው። እጥበቱ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጠፍር መቀባቱ በወር አንድ ጊዜ ይበቃል።

ማኅበራት ፈረሶቻቸውን በጋራ የሚያሠሩ ከሆነ በእያንዳንዱ መደላድልና ጠፍር ላይ የፈረሱን ቁጥር ቢጽፉ፣ ዕቃ ከፈረስ ወደ ፈረስ እንዳይዘዋወር ይረዳቸዋል። ከመሬት ከፍ ያለ መስቀያ ከእንጨት ማበጀትም ብዙ ወጪ የለውም።

የልማት ሠራተኛው ባለጋሪውን ሲጎበኝ ኮርቻው እንደ ወረደ የፈረሱን ጀርባ ይመልከት። በላብ በራሰው ጀርባ መካከል ደረቅ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ ኮርቻው እዚያ ላይ አለቅጥ እንደሚጫን ያመለክታል፤ መደላድሉ ቢታጠብም ኮርቻው ካልተስተካከለ ገጣባው አይቀርም። ከዚያም መደላድሉን ያሽትት፣ በእጁም ይደባብሰው። የሸተተና የጠጠረ ከሆነ ቁስሉ ሳይጀምር ለመምከር ጊዜ አለ። እጥበቱን በቃል ከመናገር ይልቅ አንድ ጊዜ በባለጋሪዎች ፊት አጥቦ ማሳየት ይመረጣል፤ ከመዘፍዘፊያው የሚደፋውን ጥቁር ውሃ ያየ ሰው በፈረሱ ጀርባ ላይ ምን ሲጭን እንደኖረ ይረዳል።