ቫይታሚን ዲ እና አያቶቻችን

አራስ ልጅ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ መሞቅ እንዳለበት በአገራችን የማይነገርበት ቤት ጥቂት ነው። ለአጥንቱ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። ከሕፃኑ ባላነሰ ይህ የሚያስፈልጋቸው አያቱ ግን ብዙ ጊዜ አይታወሱም።

ቫይታሚን ዲን ከሌሎቹ ቫይታሚኖች የሚለየው በአብዛኛው ሰውነት ራሱ የሚሠራው መሆኑ ነው። ቆዳ ላይ ያረፈ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ያስጀምረዋል፤ ጉበትና ኩላሊት በተራ በተራ ለውጠው ለሥራ ያበቁታል። ዋና ሥራው አንጀት ከምግብ ካልሲየም እንዲወስድ ማድረግ ነው። ካልሲየም ሲጎድል ሰውነት ከአጥንት ይበደራል። ቫይታሚኑ በጣም ካነሰ ጡንቻም ይዝላል፤ ከመቀመጫ መነሣት ይከብዳል።

ዕድሜ ሲገፋ ቆዳ ይሳሳል፣ ኩላሊትም ይደክማል። የ70 ዓመት ሰው በእኩል ፀሐይ የሚሠራው የ20 ዓመት ወጣት ከሚሠራው ሩቡን ያህል እንደሆነ ይገመታል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ሜላኒን ጨረሩን ስለሚከላከል ረዘም ያለ ፀሐይ ያስፈልጋል። ሚኒያፖሊስ ወይም ስቶክሆልም ልጆቻቸው ዘንድ የሚኖሩ እናት ሁለቱም ይደርስባቸዋል። በክረምቱ ወራት በዚያ ያለው ፀሐይ ቫይታሚን ለማሠራት አቅም የለውም። በመስኮት በኩል ቢሞቁት ሙቀቱ ይደርሳቸዋል እንጂ የሚፈለገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ከምግብ የሚገኘው በተለይ ከቅባታማ ዓሣ፣ ከእንቁላል አስኳልና በፋብሪካ ቫይታሚኑ ከተጨመረበት ወተት ነው፤ ጾም የሚያጠብቁ አረጋውያን አብዛኛውን አይቀምሱትም።

ታዲያ ክኒኑ ይረዳል? የሚረዳው የጎደለበትን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት በአረጋውያን መጦሪያ ለሚኖሩ ሴቶች በየቀኑ 800 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ከካልሲየም ጋር ሰጥቶ፣ የዳሌ ስብራት በ43 በመቶ ቀንሶ አገኘ። ብዙዎቹ ቫይታሚኑ አንሷቸው ነበር። በአሜሪካ ከ25 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ቫይታል የተባለው ጥናት ግን በቀን 2,000 ዩኒት መውሰድ በጥቅሉ ጤነኛ በሆኑ ሰዎች ላይ ካንሰርን፣ የልብ በሽታንም ሆነ የአጥንት ስብራትን እንዳልቀነሰ አሳየ። ቫይታሚን ዲን የዕድሜ ማራዘሚያ አድርገው ለሚሸጡ ሰዎች ጆሮ አለመስጠት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ከፍተኛ መጠን ነው። በአውስትራሊያ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሴቶች በዓመት አንዴ 500,000 ዩኒት ሲሰጥ መውደቅም መሰበርም ጨመረ። በአሜሪካ ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የሚመከረው በቀን 800 ዩኒት ነው፤ ይህም ከምግብ የሚገኘውን ይጨምራል። የኩላሊት ጠጠር ያለባቸው ወይም ብዙ መድኃኒት የሚወስዱ እናትና አባት ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። ልጆችም የሌሎቹን የቫይታሚን ብልቃጦች ጽሑፍ ያንብቡላቸው፤ ያው ቫይታሚን ዲ በሁለት በሦስቱ ውስጥ ተደራርቦ ይገኛል።