የነጣ የባሕር አኔሞኒ እንዴት ያገግማል?

የባሕር አኔሞኒ በመልኩ አበባ ቢመስልም እንስሳ ነው፤ ዘመዶቹም ኮራልና ጄሊፊሽ ናቸው። በሰፊ እግሩ ከድንጋይ ላይ ተጣብቆ፣ በአፉ ዙሪያ በተደረደሩት ተናዳፊ ጣቶቹ ትናንሽ እንስሳትን ይይዛል። ዓሣ አስተናጋጅ የሆኑት ጤናማ አኔሞኒዎች አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ናቸው። በገበያ ላይ ግን እንደ ወረቀት የነጡ ይገኛሉ፤ ገዢውም ንጣቱን ከውበት ቆጥሮ ይወስዳቸዋል። ንጣቱ ግን የረሃብ ምልክት ነው። በዚህ ጽሑፍ የንጣቱን መንስኤ፣ በቤት ውስጥ አኳሪየም የሚደረገውን እንክብካቤና እንደ ሐዋሳ ባለ ከፍታ ላይ የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ጥንቃቄ እንመለከታለን።

ንጣቱ ከየት ይመጣል?

በአኔሞኒው ሕዋሳት ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባለ አንድ ሕዋስ ዋቅላሚዎች ይኖራሉ። እነዚህ በብርሃን አስተጻምሮ ስኳርና ኦክስጅን ይሠራሉ፤ ከሠሩትም ብዙውን ለአኔሞኒው ይሰጣሉ። እርሱ ደግሞ መጠለያ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን ያቀርብላቸዋል። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ ብርሃኑ ሲበዛ ወይም ሲያንስ፣ የጨው መጠኑም በድንገት ሲለዋወጥ ይህ ትብብር ይፈርሳል። በተለይ ሙቀትና ኃይለኛ ብርሃን ሲደራረቡ ሕዋስን የሚጎዱ የኦክስጅን ውሁዶች ይፈጠራሉ፤ አኔሞኒውም ዋቅላሚዎቹን ያጣል። ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። እንስሳው ወዲያው አይሞትም፤ ነገር ግን ዋነኛ መጋቢውን ስላጣ ቀስ በቀስ እየኮሰሰ ይሄዳል።

ሦስቱ የእንክብካቤ ደረጃዎች

አንደኛ፣ ውኃውን ማስተካከል ነው። ሙቀቱ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጨዉ በአንድ ኪሎ ግራም ውኃ 35 ግራም ገደማ ሆኖ ሊረጋ ይገባል። አሞንያና ናይትራይት ሊገኙበት አይገባም። ድንገተኛ ለውጥ ራሱ ጉዳት ስለሆነ እርማቱ በዝግታ ይከናወናል።

ሁለተኛ፣ ብርሃን ነው። የተረፉት ጥቂት ዋቅላሚዎች ኃይለኛ ብርሃንን አይቋቋሙም፤ ጨለማም መራባታቸውን ያግዳል። ስለዚህ በመካከለኛ ብርሃን ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከፍ ማድረግ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ምግብ ነው። የሩዝ ፍሬ የምታህል የጥሬ ዓሣ ወይም የሽሪምፕ ቁራጭ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለጣቶቹ ማቅረብ የዋቅላሚዎቹን ድርሻ በከፊል ይተካል። ከተፋው አያስገድዱት፤ ትርፍራፊው ውኃውን እንዳይበክል ወዲያው ይወገድ።

የተዘጋ አፍና የሚያጣብቁ ጣቶች ተስፋ ሰጪ ምልክቶች ናቸው። አፉ ተከፍቶ ከቀረ፣ አካሉ ከተበታተነና ከሸተተ ግን ሌሎቹን እንዳይገድል ከገንዳው ይወጣል። ቡናማው ቀለም ለመመለስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል።

በሐዋሳ ሲሆን

የሐዋሳ ሐይቅ ውኃ ለዚህ እንስሳ አይሆንም፤ ጨዉ ከባሕር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። የወጥ ቤት ጨው ጨምሮ ማጎልበትም አያዋጣም። ከባሕር ጨው 85 በመቶ ገደማ የሚሆነው ሶዲየም ክሎራይድ ሲሆን፣ ቀሪዎቹ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሰልፌት ለሕይወት አስፈላጊ ናቸው። ስለዚህ ለአኳሪየም ተብሎ የተቀመመ የባሕር ጨው ያስፈልጋል።

ከተማዋ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ውኃም ከባሕር ጠረፍ ይልቅ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል። የነጣው አኔሞኒ ደግሞ ኦክስጅን ሠሪዎቹንም አጥቷል። በመሆኑም ጉዳቱ እጥፍ ነው። የአየር መንፊያው ሌሊትም ሊቋረጥ አይገባም፤ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ በባትሪ የሚንቀሳቀስ መንፊያ ቢኖር እንመክራለን።

ጉዳዩ ከመስታወት ገንዳ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በተከሰተው የሙቀት ማዕበል በቀይ ባሕር መካከለኛ ክፍል፣ በሳውዲ ዓረቢያ ጠረፍ ጥናት በተካሄደባቸው ሪፎች ላይ አኔሞኒዎቹ ነጥተው አብዛኞቹ ሞተዋል፤ በውስጣቸው የሚጠለሉት ክላውንፊሾችም ጠፍተዋል ለማለት ይቻላል። በዚያ ሙቀቱን የሚቀንስ፣ ቁራጭ ምግብ የሚያቀርብ የለም። በገበያ የሚሸጡት አኔሞኒዎች ብዙዎቹ ከዚያው ከባሕር የተነሡ ናቸውና ገዢ ሁሉ ነጩን ትቶ ቡናማውን ቢመርጥ፣ ገንዳውም ሳይደላደል ባይገዛ፣ ለእንስሳውም ለባሕሩም ይበጃል።