የአንዲት ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤቶች

የድኻ ልጅ በትምህርቱ ወደ ኋላ ሲቀር ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ልጁ ወይም ወላጁ ነው። በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ ግዛት የምትገኘው የዩኒየን ሲቲ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያስተምረናል።

ይህች ትንሽ ከተማ ከኒውዮርክ ትይዩ፣ ከሐድሰን ወንዝ ማዶ ናት። ከነዋሪዎቿ የሚበዙት ከላቲን አሜሪካ የመጡ ቤተ ሰቦች ስለ ሆኑ በብዙ ቤት የሚነገረው ስፓንኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የግዛቱ መንግሥት ትምህርት ቤቶቿን በ52 መመዘኛዎች መርምሮ በ44ቱ ወድቀው አገኛቸው። ካልተሻሻሉም ከከተማዋ እጅ ወስዶ ራሱ እንደሚያስተዳድራቸው አስጠነቀቀ።

ለችግሩ አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነበር። የትምህርት ቤት በጀት በአብዛኛው የሚገኘው ከአካባቢው የቤትና የመሬት ግብር ስለ ነበር ለሀብታም ሰፈር ልጅ ብዙ፣ ለድኻው ጥቂት ይወጣ ነበር። በ1981 በአራት ሌሎች ከተሞች በሚኖሩ 20 ልጆች ስም ክስ ቀረበ። በ1990 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለድኻ ከተሞች የሚወጣው ገንዘብ ከሀብታሞቹ ጋር እንዲስተካከል ፈረደ። በ1998 ደግሞ በእነዚሁ ከተሞች የ3 እና የ4 ዓመት ሕፃናት ሁሉ ትምህርት እንዲጀምሩ አዘዘ።

ይሁን እንጂ ገንዘብ ብቻውን አያስተምርም። የዩኒየን ሲቲ መምህራን ራሳቸው ተሰብስበው ለሁሉም ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጁ፤ በዚህም ቤተ ሰቡ ሰፈር የለወጠ ልጅ ትምህርቱ አይቋረጥበትም ነበር። ስፓንኛ ተናጋሪ ሕፃናት አስቀድመው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማንበብ ይማሩ ነበር፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገሩ ነበር። የፈተና ውጤትም ማን እርዳታ እንደሚያስፈልገው ለማወቅ ይጠቅም ነበር። የተዳከመ መምህር ቢኖር ልምድ ያለው ባልደረባው አጠገቡ ሆኖ ያግዘው ነበር።

ፍሬው የታየው በአንድ ዓመት አይደለም። ከሃያ ዓመት ትዕግሥት በኋላ፣ በ2011 ከመቶ ተማሪዎች 90 ያህሉ ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቁ።

እንግዲህ እኩልነት ማለት ለሁሉም ተመሳሳይ ነገር ማደል ብቻ አይደለም። ኋላ ለሚጀምር ልጅ ቀድሞ መድረስ ነው። በየፕሮጀክቱ የምትሠሩ ወገኖች ትምህርት ቤት ስትጐበኙ አማካይ ውጤቱን ብቻ አትመልከቱ። ከክፍሉ ማን ወደ ኋላ እንደ ቀረ፣ በምን ቋንቋ ማንበብ እንደ ጀመረ፣ እርዳታውም እስከ መቼ እንደሚዘልቅ ጠይቁ። አጥር፣ ወንበርና ደብተር ያስፈልጋሉ፤ ልጁን ከዳር የሚያደርሰው ግን ዓመት ከዓመት የማይቋረጥ ትጋት ነው።