ከተስኪጊ እስከ ኮልፌ፦ የጥቁሮች ኮሌጆችና ኢትዮጵያ

ኮልፌ ያለው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ በታሪክ ሲነሳ አብሮ የሚነሳው የኔልሰን ማንዴላ ስም ነው። በ1962 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ማንዴላ እዚህ መጥተው ወታደራዊ ሥልጠና ወሰዱ። ቀን ተኩስ ይለማመዳሉ፤ አመሻሽ ላይ የጦር ሳይንስ ይማራሉ፤ ጠመንጃ፣ ጥይትና ጥቂት ውኃ ብቻ ይዘው ረጅም ጉዞ ይጓዛሉ። ስድስት ወር ይፈጃል የተባለው ሥልጠና በስምንት ሳምንት ገደማ ተቋረጠ። ሲሸኟቸውም ኮሎኔል ታደሰ የተባሉ መኮንን ሽጉጥና 200 ጥይት አበረከቱላቸው።

ብዙም የማይወራው ግን ማንዴላ በየትኛው ትምህርት ቤት አልፈው ኮልፌ እንደደረሱ ነው። በ1939 የገቡት ፎርት ሄር በ1916 ለደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች የተከፈተ ኮሌጅ ነው። ኦሊቨር ታምቦና ሮበርት ሶቡክዌም የወጡት ከዚያው ነው። በኮሌጁ ከመጀመሪያዎቹ መምህራን አንዱ የነበሩት ጃባቩ ደግሞ በ1913 አሜሪካ ተሻግረው የጥቁሮችን ትምህርት ቤት ተስኪጊን ጎብኝተዋል።

ነገሩ የሚጀምረው እዚያ አሜሪካ ነው። በብዙ የደቡብ ግዛቶች ባሪያን ፊደል ማስቆጠር በሕግ ያስቀጣ በነበረበት ዘመን፣ በ1837 በሰሜኑ ፔንሲልቬንያ ቼይኒ የተባለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት ተመሠረተ፤ በ1854 ሊንከን ተከተለ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ፊስክ በ1866፣ ሀዋርድ በ1867፣ ሃምፕተን በ1868 ተከፈቱ። ቡከር ዋሽንግተን በ1881 ተስኪጊን ሲጀምሩ ተማሪዎቹ ጡቡን ራሳቸው እየሠሩና እየተኮሱ የመማሪያ ሕንፃቸውን አቆሙ። እነዚህ ኮሌጆች ዛሬ መቶ ያህል ናቸው። ማርቲን ሉተር ኪንግ የሞርሃውስ ምሩቅ ናቸው፤ በትምህርት ቤት የዘር መለያየትን በ1954 በፍርድ ቤት ያስፈረሱት ጠበቃ ተርጉድ ማርሻል ሕግ የተማሩት ሀዋርድ ነው።

የእነዚህ ኮሌጆች ውለታ ለእኛም ደርሷል። መላኩ በያን በ1935 ከሀዋርድ በሕክምና ተመርቀው አገራቸው ገቡ፤ ወዲያው የጣሊያን ወረራ መጣና ኦጋዴን ግንባር ቁስለኛ አከሙ። በኋላ ኒው ዮርክ ተመልሰው በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ሲያስተባብሩ በ1940 ገና በአርባ ዓመታቸው አረፉ። ተስኪጊ መካኒክነት የተማረው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጣ መንገድ ካመቻቹት መካከልም አሉበት።

ሮቢንሰን በጥቅምት 1935 ዓድዋ በቦምብ ስትደበደብ እዚያው ነበር። ጥቂት አሮጌ አውሮፕላኖች ብቻ የነበሩትን አየር ኃይላችንን መራ፤ በ1944 ተመልሶ ወጣቶችን በረራ አስተማረ። መጋቢት 1954 በአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አልፎ ከኮልፌ ቀራንዮ ጋር በምትዋሰነው ጉለሌ ተቀበረ። በዚያው ዓመት ግንቦት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሀዋርድ ተገኝተው የክብር ዶክትሬት ተቀበሉ።

ከሁሉም ይበልጥ ሊታወሱ ይገባል የምለው ሊዮ ሃንስቤሪን ነው። ከ1922 እስከ 1959 ሀዋርድ የአፍሪካን ታሪክ ሲያስተምሩ፣ አፍሪካ የሚጠና ጥንታዊ ታሪክ እንዳላት የሚጠራጠሩ ባልደረቦች ነበሯቸው። የምርምር ገንዘብ እየተነፈጋቸውም ኩሽንና አክሱምን ለጥቁር ወጣቶች አስተማሩ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ በኋላ የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ናምዲ አዚኪዌ ናቸው። በ1934 ከመላኩ በያን ጋር ሆነው የኢትዮጵያ የምርምር ምክር ቤትን አቋቋሙ፤ ወረራው ሲመጣም ምክር ቤቱ ለኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። አገራችን ይህን አልረሳችም፤ በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በአፍሪካ ጥናት ሸለማቸው። በመማሪያ መጻሕፍታችን ግን ስማቸው የሚገባውን ቦታ አላገኘም፤ ይህ ያሳዝነኛል። በ1963 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አንድ አህጉራዊ መንግሥት ይቋቋም ብለው የሞገቱት የጋናው መሪ ንክሩማም የሊንከን ምሩቅ መሆናቸውን ስንቶቻችን ተምረናል?

ኋላ ላይ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው በእነዚህ ኮሌጆች መምህር ሆኑ። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ሀዋርድ አስተማረ፤ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍና ከበደች ተክለአብ በሥነ ጥበብ የተመረቁት ከዚያው ነው። የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማም በ1975 ሀዋርድ ገብቶ ሲኒማ ማስተማር ጀመረ። የባሪያ ፍንገላን የሚተርከውን «ሳንኮፋ»ን በ1993፣ «ዓድዋ»ን በ1999 ያወጣው በዚያ መምህር ሳለ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ ጎዳና ላይ ከባለቤቱ ጋር የከፈተው የመጻሕፍት መደብር በፊልሙ ስም «ሳንኮፋ» ይባላል፤ የአፍሪካንና የጥቁር ሕዝቦችን ታሪክ የሚሻ ተማሪ መንገዱን ተሻግሮ መጽሐፉን ይገዛል።