«ፍሎው» እና «ፍሉይድ»፦ የድምፅ መመሳሰልና የቃላት ዝምድና

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ በመሆኑ፣ ተማሪው በፊዚክስም ሆነ በጂኦግራፊ ትምህርት «ፍሎው» (መፍሰስ) እና «ፍሉይድ» (የሚፈስ ነገር) የሚሉትን ቃላት ደጋግሞ ያገኛቸዋል። ቃላቱ በድምፅም በትርጉምም ስለሚቀራረቡ፣ «ፈሳሽ» እና «ፍሳሽ» ከ«ፈሰሰ» እንደሚወጡ ሁሉ እነዚህም ከአንድ ሥር የበቀሉ ይመስሉታል። መምህሩም እንዲሁ ብሎ ቢያስረዳ የሚያስደንቅ አይሆንም። ይሁን እንጂ ሁለቱ ቃላት አይዛመዱም።

«ፍሉይድ» መነሻው «ፍሉዌሬ» (መፍሰስ) የተባለው የላቲን ግሥ ሲሆን፣ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ15ኛው ምዕተ ዓመት ግድም ነው። አንደበቱ የቀናለትን ሰው የሚገልጸው «ፍሉወንት» እና ተጽዕኖ ማለት የሆነው «ኢንፍሉወንስ» ወንድሞቹ ናቸው። «ኢንፍሉዌንዛ»ም ከዚሁ ወገን ነው፤ በሽታው ከከዋክብት በሚፈስ ኃይል ይመጣል ተብሎ ይታመን ስለ ነበር በጣልያንኛ ይህ ስም ተሰጠው። በ1911 ዓ.ም. አገራችንን የመታው የኅዳር በሽታ ይኸው ነበር።

«ፍሎው» ግን እንግሊዝኛ ከጥንት የወረሰው የራሱ ቃል ነው። ልዩነቱን የሚገልጠውም የድምፅ ሕግ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ያኮብ ግሪም እ.ኤ.አ. በ1822 ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ እንዳብራራው፣ በላቲን በ«ፕ» የሚጀምር ቃል በእንግሊዝኛ የሚገኘው ዘመዱ በ«ፍ» ይጀምራል። ለምሳሌ አባት «ፓቴር» እና «ፋዘር»፣ ዓሣ «ፒስኪስ» እና «ፊሽ» ይባላል። የላቲኑ «ፍ» ደግሞ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ «ብ» ሆኖ ይገኛል፤ ወንድም በላቲን «ፍራቴር»፣ በእንግሊዝኛ «ብራዘር» መባሉ ለዚህ ምስክር ነው።

እንግዲህ በዚህ ሕግ መሠረት የ«ፍሎው» ዘመድ በላቲን መፈለግ ያለበት በ«ፕ» ከሚጀምሩት ቃላት መካከል ነው። እርሱም «ፕሉዊያ» (ዝናም) ነው። የግሪኩ «ፕሌኦ» (በመርከብ እሄዳለሁ)፣ እንዲሁም በእንግሊዝኛ ጎርፍ የሚባለው «ፍለድ» እና መንሳፈፍ የሚባለው «ፍሎት» የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የእኛው «ፈሰሰ»ም በ«ፈ» መጀመሩ ከሴማዊ ቋንቋነቱ አውጥቶ ከ«ፍሎው» ጋር አያዛምደውም፤ መመሳሰሉ አጋጣሚ ብቻ ነው።

ቃላትን በቤተሰብ አሰባስቦ ማስተማር ለተማሪው ትውስታ እጅግ ይረዳል። ቤተሰቡ በስሕተት ከተዋቀረ ግን ተማሪው በጆሮው ብቻ መፍረድን ይለምዳል። ስለሆነም የቃላት ዝምድና የሚፈተነው በአንድ ጥንድ ቃል መመሳሰል ሳይሆን፣ በብዙ ጥንዶች ላይ ሳይዛነፍ በሚደጋገም ሥርዓት መሆኑን መምህሩ በምሳሌ ቢያሳይ፣ ተማሪው ከቃሉ ጋር የማመዛዘንን ልማድ አብሮ ይቀስማል።