እናትዎን ያልጠየቁት ጥያቄ

የዛሬውን ጽሑፍ የምጀምረው በእናቴ የእንጨት ሳጥን ነው። አርባዋ ከወጣ በኋላ እህቶቼ ቆሰበር በሚገኘው ቤቷ ሳጥኑን ሲከፍቱ በፌስታል የተጠቀለሉ ወረቀቶች አገኙ። የስድስታችንም የልጅነት የክትባት ካርዶች ነበሩ። ጠርዛቸው አልቋል፣ ቀለማቸው ደብዝዟል፤ አንዱም ግን አልጠፋም። የእሷን ጤና የሚመለከት ወረቀት ግን፣ ከመጨረሻው ዓመቷ በፊት የተጻፈ አንድም አልነበረም።

እንጅባራን ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ቆሰበር እያለ ይጠራታል። ደጋ ናት፤ ክረምቷ ዝናብና ጭጋግ ነው። እናቴ በዚያ ብርድ ድንችና ገብስ እየነገደች ስድስት ልጆች አሳደገች። ከመካከላችን አንዱን ትኩሳት ከያዘው ጎህ ሳይቀድ አዝላው ጤና ጣቢያ ደጅ ትደርሳለች። የራሷን ሕመም ግን «ብርድ ነው» ብላ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ታልፈው ነበር።

አንድ ቀን በስልክ ስንነጋገር «ወገቤን ቆረጠኝ» አለችኝ። እኔ ሐኪም ነኝ። ስለ ደም ግፊቷና ስለ ስኳሯ ጠየቅኋት፤ የሕመም ማስታገሻ እንድትወስድም ነገርኋት። የወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት አልፈው ነበርና ከዚያ ወዲህ ደም አይታ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። ለማላውቃት ታካሚ ሳላመነታ የማቀርበውን ጥያቄ ለእናቴ ማቅረብ አፈርኩ። እሷም ለወንድ ልጇ ይህን መናገር አልሆነላትም። በኋላ ታናሽ እህቴ እንደነገረችኝ፣ ያጠበችውን ጨርቅ ደጅ ማስጣት ትታ ጓዳ ውስጥ እያደረቀች ከስምንት ወር በላይ ደብቃለች። «ዕድሜዬ ከገፋ ይኼ ምን ጉድ ነው! ለማንም እንዳትነግሪ» ብላት ነበር።

ምርመራ ስትጀምር ካንሰሩ ከማህፀን በር አልፎ ወደ ዳሌዋ ግድግዳ ተሰራጭቷል፤ የሽንት ቱቦዋንም ተጭኗል። ከእንጅባራ ባህር ዳር፣ ከባህር ዳር አዲስ አበባ ተመላለስን። ሕክምናው ሕመሟን አቀለለላት፣ ደሙንም ቀነሰላት፤ በሽታውን ግን ማጥፋት አልተቻለም። አልጋ ላይ ሆናም አጠገቧ ስቀመጥ መጀመሪያ የምትለኝ «ምሳ በላህ?» ነበር። በሰባተኛው ወር አረፈች።

ይህን የምጽፍልዎ የእርስዎ እናት፣ እህት ወይም ባለቤት ጓዳ ውስጥ ጨርቅ እንዳትደብቅ ነው።

በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች መካከል የማህፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛውን ደረጃ ይዟል። መነሻው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ እጅግ የተለመደ በመሆኑ በዕድሜው አንድ ጊዜ ያልያዘው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በሽታው የነውር ምልክት ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ከባሏ ሌላ ወንድ የማታውቅ እናትም ልትያዝ ትችላለች። ብዙውን ጊዜ ሰውነት ቫይረሱን በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ያስወግደዋል። ሳይወገድ ሲቀር ግን የማህፀን በር ሕዋሳትን ቀስ በቀስ ይለውጣል። ጤናማ የመከላከል አቅም ባላት ሴት ይህ ለውጥ ካንሰር እስኪሆን ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ኤች አይ ቪ በደሟ እያለ ሕክምና ባልጀመረች ሴት ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ውስጥ ሊደርስ ይችላል።

እነዚህ ዓመታት ለሕክምና ሰፊ ዕድል ይሰጡናል። በአገራችን ቅድመ ምርመራው በዋናነት የሚሰጠው ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ለሆኑ ሴቶች ሲሆን፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ደግሞ ቀደም ብለውና ቶሎ ቶሎ መመርመር ይኖርባቸዋል። አንደኛው የምርመራ ዘዴ በጣም ቀላል ነው። ባለሙያዋ የማህፀን በሩን በቀጠነ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ትቀባና ጥቂት ትጠብቃለች። ወደ ነጭነት የተለወጠ ክፍል ከታየ፣ ገና ካንሰር ካልሆነና ለዚህ ዓይነቱ ሕክምና የሚመች ከሆነ በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ሊታከም ይችላል። ወንድ ባለሙያ የሚያሳፍራት ሴት እንዲመረምራት ሴት ባለሙያ መጠየቅ ትችላለች።

ምልክት ያላት ሴት ግን ዕድሜዋ ሳይገድባት፣ የቅድመ ምርመራ ተራም ሳትጠብቅ ወደ ሐኪም ትሂድ። ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፣ ከወር አበባ ጊዜ ውጭ የሚፈስ ደም፣ የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመለስ ደም፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የማይለቅ የወገብ ወይም የሆድ የታችኛው ክፍል ሕመም በቸልታ የሚታለፉ አይደሉም። ከማረጥ በኋላ የሚታይ ደም «የወር አበባ ተመለሰ» ተብሎ አይታለፍ፤ ጠብታ እንኳ ቢሆን ምርመራ ይፈልጋል። ሁሉም ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ ካንሰር ቢሆንም ቀድሞ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር የመዳን ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

ለሴት ልጆቻችን ደግሞ ከዚህ የቀደመ መከላከያ አለ። ሄንሪታ ላክስ የተባለች አፍሪካ አሜሪካዊት የአምስት ልጆች እናት እ.አ.አ በ1951 በዚሁ በሽታ በ31 ዓመቷ ሞተች። ሐኪሞች ያለ ፈቃዷ የወሰዷቸው የካንሰር ሕዋሳት በዓለም ቤተ ሙከራዎች እስከ ዛሬ እየተራቡ ይኖራሉ። ከዓመታት በኋላ በእነዚያ ሕዋሳት ውስጥ ከካንሰሩ ዋነኛ መነሻዎች አንዱ የሆነው ዓይነት 18 ቫይረስ ተገኘ። ቫይረሱ የካንሰሩ መነሻ መሆኑን ያረጋገጡት ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሃራልድ ዙር ሃውዘን እ.አ.አ በ2008 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል፤ ክትባቱም የተሠራው ይህን ዕውቀት መነሻ በማድረግ ነው። በኢትዮጵያ ክትባቱ በ2011 ዓ.ም ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ተጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ ጊዜ መርፌ በዘመቻ ተሰጥቷል። ክትባቱ ከቫይረሱ ጋር ከመገናኘት በፊት ሲሰጥ ይበልጥ ስለሚጠቅም በልጅነት መሆኑ አያስደንግጥዎ። ልጅ መውለድን ይከለክላል የሚባለውም እውነት አይደለም። የተከተበችም ብትሆን ዕድሜዋ ሲደርስ ቅድመ ምርመራውን ማድረግ አለባት።

በእናቴ ሳጥን ውስጥ አሁን አንድ ካርድ ተጨምሯል፤ የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ስትከተብ የተሰጣት ነው።

እርስዎም ዛሬ ማታ ለእናትዎ ይደውሉ። ስለ ጎረቤትና ስለ ሰብሉ ከተጨዋወታችሁ በኋላ ስለ ራሷ ይጠይቋት። ወንድ ከሆኑና ካፈሩ እህትዎ ወይም ባለቤትዎ ትጠይቅ፤ የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም መላክ ይችላሉ። «ደህና ነኝ፣ ብርድ ነው» ካለችዎ በዚያ አይለፏት፤ አንድ ጊዜ ደግመው «እማዬ፣ ደም አይተሽ ታውቂያለሽ?» ይበሏት። አዎ ካለች ነገ ጠዋት ይዘዋት ወደ ሐኪም ይሂዱ።